የተፋቀው ድምፅ

ላሊበላ ውስጥ የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ስም ሲነሣ ብራና ትዝ የማይለው ሰው የለም። መሪጌታ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መጽሐፍ ሲገለብጡ የኖሩ። ልጃቸው ዓይናዲስም ያደገችው ቀለም እየበጠበጠች፣ አባቷ ሲጽፉ ከጎናቸው ተቀምጣ ቃል በቃል እያነበበችላቸው ነው። ገና ፊደል ሳትጨርስ ጣቷ ጠቁሮ ነበር።

በዚያ ቤት አንድ የማይሻር ሥርዓት አለ። ቅጂ የሚገለበጥበት ዋናው መጽሐፍ «እናት» ይባላል። እናት ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተከብራ ትመጣለች፣ ተከብራ ትመለሳለች፤ ስለት አይነካትም። ቅጂው ግን ከተሳሳተ በካራ ይፋቃል፤ ተፍቆ እንደገና ይጻፋል። መሪጌታ «የተበላሸ ቅጂ ውሸታም ምስክር ነው፤ ባያድር ይሻላል» ይላሉ።

ዓይናዲስ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምን እንደምታጠና ሲጠይቋት «የላስታን ሙሾ» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ መቅረጸ ድምፅ አንግታ ከሙጃ እስከ ኮን ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ዞረች። ከሁሉ ልቧን የወሰዱት ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን ከነአኩቶ ለአብ አጠገብ የሚኖሩት አልቃሽ እማማ ባንቺዓለም ነበሩ። እማማ ባንቺዓለም ድምፃቸውን ሲለቁት ዋሻው ራሱ ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ ይመስላል፤

ገብስ እንኳ ይበቅላል ሲመጣ ክረምቱ፣
ሰው ብቻ ነው እንጂ የማይመለስ ቤቱ።

የእሳቸው ብቻ አርባ ቀረጻ ሆነ። መቅረጫውም ካርዱም የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ካርዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በሞላ ቁጥር ግቢ ትሄድና ድምፁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ማከማቻ አስገብታ ካርዱን ባዶ ታደርገዋለች።

በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እማማ ባንቺዓለም አረፉ። ለአልቃሽ ማን ያልቅስላት? አገሩ ያለቀሰላቸው በራሳቸው ግጥም ነው።

የካቲት ሲገባ ልጃቸው አሰለች ቅዳሜ ገበያ ላይ ዓይናዲስን ክንዷን ያዘቻት።

«ዓይንዬ፣ የእማዬን ድምፅ አንዴ አሰሚኝ። ፊቷስ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል። ድምፅዋ ግን ከጆሮዬ እየወጣ ነው፤ ፈራሁ።»

«ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤት ነይ» አለቻት ዓይናዲስ።

ለዚያ ሲባል ነው የራሷን ኮምፒውተር ከላሊበላ ሆና ከዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ጋር ለማገናኘት የተነሣችው። ከዚህ በፊት ግቢ ውስጥ ካለው የቤተ መጻሕፍት ማሽን በቀር ሞክራው አታውቅም። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ የኢንተርኔት ዶንግሏን ሰክታ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ማእከል ባለሙያ ምስጋኑ ጋ ደወለች፤ የስልኩንም ድምፅ ከፍ አደረገችው። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ከጎኗ ተቀመጡ፤ እንደ ድሮው፣ ቦታ ተለዋውጠው።

«አሁን አድራሻውን ጻፊ» አለ ምስጋኑ። «መጀመሪያ ሁለት የተጋደሙ ሰረዞች። ወደ ኋላ የተጋደሙት።»

«ጻፍኩ፤ አልገባም አለኝ።»

«ወደ ፊት የተጋደሙትን ነው የጻፍሽው።»

«አንተ እዚያ ሆነህ እንዴት አየኸው?»

«ሁሉም እሱን ነው የሚጽፈው። ኧረ እናንተ ሰዎች! ዐለት ፈልፍላችሁ ቤተ ክርስቲያን ያወጣችሁ፣ አንዲት ሰረዝ ታቅታችሁ?»

መሪጌታ ሳቁ። «በይው፣ ዐለቱ የይለፍ ቃል አልጠየቀንም» አሉ።

አራት ጊዜ ሞክራ በአምስተኛው ተከፈተ። ከኮምፒውተሯ መዛግብት ጎን «ዜድ» የሚል አዲስ መደርደሪያ ብቅ አለ፤ ውስጡ «ባንቺዓለም» የሚል አቃፊ፣ አቃፊው ውስጥ አርባው ቀረጻ በየቁጥሩ ተሰልፏል።

«ጉድ!» አሉ መሪጌታ። «ያ ሁሉ መንገድ ሳይሄዱ መጡ?»

ምስጋኑን አመስግና ስልኩን ዘጋች። የመጀመሪያውን ከፈተች። ድምፁ ተንተባተበ። «ገብስ እን... እን... ላል... ክረ...» ይልና ዝም ይላል፤ ደግሞ ከመሃል ይነሣል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አሰለች ልትመጣ ነው፤ የእናቷን ድምፅ እንዲህ ተቦጫጭቆ ልትሰማ ነው።

«ሲመጣ ተበላሽቷል» አለች። «ቅጂው ተበላሽቷል፣ አባባ።»

«እናቲቱስ?»

«እናቲቱ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ በደህና ተቀምጣለች።»

«እንግዲያ ምን ያስጨንቅሻል፣ ልጄ? ፍቂውና እንደገና አስገልብጪው።»

ትክክል መሰላት። በዚያ ቤት ተወልዶ ሌላ ነገር ሊመስለው የሚችል ማን አለ? አርባውንም መረጠች፤ «አጥፋ» አለች። ማሽኑ «ለዘለዓለም ይጥፋ ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ካራ መቼ እንዲህ ይጠይቃል ብላ ፈገግ አለች፤ አዎን አለችው። ከዚያ ግንኙነቱን አቋርጣ እንደገና ገባች። አሁን ሰረዟ አላስቸገረቻትም።

«ዜድ» ተከፈተ። «ባንቺዓለም» አለ። ውስጡ ባዶ ነው።

ዘግታ ከፈተች። ባዶ ነው። ስልኩን አንሥታ ደወለች።

«ምስጋኑ፣ ያን የተበላሸውን አጠፋሁት፤ አዲሱን ላክልኝ።»

«የምን አዲስ?»

«ቅጂው እየተቆራረጠ...»

«ዓይናዲስ፣ ምንም ቅጂ አልመጣልሽም። ቅጂ ወደ ኮምፒውተርሽ አልገባም። እዚህ ያለውን ራሱን ነው እዚያ ሆነሽ ያየሽው። የተንተባተበው መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ነው እንጂ ድምፁ ደህና ነበር። ያጠፋሽው ዋናውን ነው።»

መሪጌታ ሰምተዋል። መነጽራቸውን አወለቁ። ስድሳ ዓመት ብራና ሲፍቁ የኖሩ ሰው፣ ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው ሲያዩት ቆዩ።

«እናቲቱን ፋቅን?» አሉ። «እኔ ነኝ ፍቂ ያልኩሽ። እኔ ነኝ።»

ምስጋኑ የማከማቻውን መጠባበቂያ ቅጂ ፈልጎ መልሶ ደወለ። የመጠባበቂያው ዲስክ ከመስከረም ጀምሮ ተቃጥሎ ተቀምጧል፤ የተረፈ ነገር የለም። ዓይናዲስ የአሥራ አንዱን ሙሾ ቃል በደብተሯ ጽፋዋለች። ደብተሩን አወጣችና ገለጠችው። ፊደል ብቻ ነው፤ ትንፋሽ የለበትም።

አሰለች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለወግ ለበዓል እንደምትለብሰው ለብሳ በስምንት ሰዓት ገባች። ዓይናዲስ ቆማ ነገረቻት። ምንም አላስተባበለችም፤ እኔ በእጄ አጠፋሁት አለቻት። አሰለች መጀመሪያ አልገባትም፤ እንደ ቀልድ አየቻት። በኋላ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬን በጥር ሳይሆን ዛሬ ቀበርኳት በይኛ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ራሷን አረመች፤ «በታኅሣሥ። ወሩንም አጠፋሁት።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተዋል። እንዲያ ሆነው ሳሉ ስልኩ ጮኸ።

«አንድ ነገር አለ» አለ ምስጋኑ፤ የሮጠ ሰው ይመስላል። «ቅድም አቃፊሽን ስከፍትልሽ፣ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ትንሿን ፋይል ወደ ራሴ ማሽን ገልብጬ ነበር። ሃምሳ ሰከንድ ናት። ግን ሙሾ የለባትም፤ ለጥናትሽ አትረባም። በኢሜይል ልኬልሻለሁ። ይቺኛዋ ቅጂ ናት፤ አውርጂና አስቀምጫት።»

ሃምሳዋ ሰከንድ እስክትወርድ ሩብ ሰዓት ፈጀች። ዓይናዲስ ከፈተቻት። መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ የዶሮ ጩኸት፣ ከዚያ አንድ ሳል። ምንም ሳይቆራረጥ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ እንደተቀመጡ ሆነው፣ እማማ ባንቺዓለም ሳቁ።

«ይኼ ነገር አሁን እኔን ይሰማኛል? ወይ ጉድ! ምን ልበለው? ሰው ሳይሞት እንዴት አለቅሳለሁ? ቆይ፣ ቆይማ...» ድምፃቸው ራቅ አለና ከፍ አለ። «አሰለች! አንቺ አሰለች! ጥጃው ሊገባ ነው፣ በሩን መልሺው!»

«አቤት እማዬ!» አለች አሰለች፤ ከመደቡ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች።