ልጅቷ ታስታጥበኝ

በደርግ ጊዜ፣ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ፣ ያሳደገኝ አጎቴ እየገረፈ ነው ያሳደገኝ። ጎረቤት ለቀበሌ አቤት ባለ ቁጥር አዲስ ወጣት ጓድ ይላካል። አጎቴ እኔን ጓዳ ከትቶ አሳ ያስጠብስለታል፤ ጓዱም በልቶ፣ «በምክር ያሳድጓት» ብሎ ይሄዳል። ሆዳም ሁላ! በሩ ሲዘጋ ዱላው እኔ ላይ ነው። ያለፈው ጓድ የሰማውን የሚቀጥለው አያውቅም፤ አጎቴ ግን ሁሉንም አውቆባቸው ነበር።

ጎረቤቶቻችን አሁንም ሲጮኹ፣ ከሴቶች ማህበር ብዙ ልጅ ከዱላ ያስጣሉ ባልቴት ተላኩ። አጎቴ «ይቀመጡ እትዬ፣ አሳ ይቅመሱ» አላቸው።

«እሺ፣ ልጅቷ ታስታጥበኝ» አሉት።

እንግዳ የእጅ ውሃ አይከለከልምና ጠራኝ። ማንቆርቆሪያውን ከፍ ሳደርግ እጅጌዬ ተሰበሰበ፣ በሲጋራ ያቃጠለው ክንዴ ታየ። ባልቴቷ እርጥብ እጃቸውን እንኳን ሳይጠርጉ ይዘውኝ ወጡ።

አጎቴ አርጅቶ አልጋ ላይ ሲወድቅ «ድረሽልኝ» እያለ ደጋግሞ ላከብኝ። እኔም በላከ ቁጥር ነገሩን ፈጽሞ የማያውቅ አዲስ ሰው ሰደድኩለት። ሁሉም ምሳቸውን በልተው፣ «እግዜር ይማርዎ» ብለውት ተመለሱ።