የረቡዕና የዓርብ ግድግዳ

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው የጎረቤቴ ልጅ ለዶክተርነት ትማራለች ሲሉኝ፣ ለብዙ ጊዜ የሰው ሐኪም ልትሆን መስሎኝ ነበር። የጉልበቴን ነገር ሳይቀር ደረጃ ላይ አቁሜ አማክሬያታለሁ። እሷም በትዕግሥት አዳምጣ፣ "አባባ፣ ኦርቶፔዴ ጋ ቴርሚን ይያዙ" ብላኝ አለፈች፤ የአጥንት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ማለቷ ነው። የምትማረው የሕንፃ ሕመም መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋ ሲያጥራት ጀርመንኛ ትጨምርበታለች፤ አንቱታውን ግን እናቷ በደንብ አስይዛታለች።

አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሯን ታቅፋ በሬን አንኳኳች።

"አባባ፣ እማዬ ታሽከንት ነበሩ አለችኝ። እውነት ነው?"

"ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ።"

"ምን ሲሠሩ?"

"ተገጣጣሚ። የኮንክሪት ግድግዳ በቅርጽ እየሞላን እናወጣ ነበር።"

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሥዕል ከፈተችልኝ። ትልቅ ሲኒማ ቤት ነው። ፊቱ ከላይ እስከ ታች እንደ ወንፊት በተበሳሳ ኮንክሪት ተሸፍኗል፤ የዚያ አገር ፀሐይ አይቻልምና ጥላ እንዲሆን ነው። መነጽሬን አደረግኩና ቀረብ አልኩ። ቀዳዳዎቹን አየኋቸው፤ አበባ የሚመስሉ፣ ስድስት ቅጠል ያላቸው። የእያንዳንዷን ቅጠል ጥግ በጣቴ ስጠርግ ነው የኖርኩት።

"ይቺንማ እኔ ነኝ የሠራኋት" አልኩ።

"ሕንፃውን በሙሉ?"

"ቀስ በይ እንጂ! ይህን በግራ በኩል ያለውን ነው የምልሽ።"

ሳቀችና ነገሩን አስረዳችኝ። በሶቪየት ጊዜ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች አንዳንዱ እየፈረሰ፣ አንዳንዱ በሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ እየተሸፈነ ነው። እሷና እዚያ ያሉ ባልደረቦቿ እያጠኑ፣ የሚድነው እንዲድን ይደክማሉ። ይህ ሲኒማ ቤት እንዳይፈርስ ተወስኗል፤ ጥገናውም ሊጀመር ነው። ችግሩ ግራው ግድግዳ ላይ ነው። ከተገጣጣሚዎቹ አብዛኛው ለስላሳ ሲሆን፣ አንዳንዱ ሻካራ ነው፤ ጠጠሩ ወደ ውጭ ወጥቷል። ጠጋኞቹ ሻካራዎቹን አውልቀን ጥለን በአዲስ እንተካ ይላሉ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ እንዲቀሩ ነበር የምፈልገው። ግን ከፋብሪካው መዝገብ አንድ ወረቀት ወጣ። የሥራ ቡድኑ አለቃ ሲሚንቶ ሰርቆ ስለቀነሰ ነው የተበላሹት ይላል። ሲወለዱም የተበላሹ ከሆኑ ምን ብዬ ላድናቸው? በሦስት ሳምንት ውስጥ ሪፖርቴን ለኮሚቴው እሰጣለሁ። ያው ስርቆቱን እጽፋለሁ።"

"ማን ሰረቀ ነው የሚለው?"

አንድ ስም አነበበችልኝ። ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው። የትኛው ቡድን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሁለተኛው አዳራሽ፣ የውጭ አገር ሠልጣኞች ቡድን አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የእኛው አለቃ ነው። እኛ ኡስታ ነበር የምንለው፤ በእነሱ ቋንቋ የእጅ ሥራ አዋቂ ማለት ነው። ፋብሪካው ሁሉ ኡስታ ይለው ስለነበር ስሙን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ራሴን አመመኝ አልኳት። ተጨንቃ ውሃ ሰጥታኝ ወጣች። ራሴን ግን አላመመኝም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ አራተኛ ክፍል ደርሼ ያቋረጥኩ የግንበኛ ረዳት ነበርኩ። አሥራ አንድ ሆነን ለሙያ ተላክን። የሲሚንቶ አቧራ ሳንባ ስለሚጎዳ በፋብሪካው ደንብ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጠዋል። እንደ ድንኳን ሦስት ማዕዘን በሆነች ወረቀት ታሽጋ ነው የምትመጣው። እዚያው ትጠጣለህ እንጂ ከበር ይዘህ አትወጣም።

ከአሥራ አንዳችን አራታችን ጾም እንጾማለን። ይህን ማንም ማወቅ የለበትም። አብሮን የተላከ የቡድን ኃላፊ ነበረ፤ ማን ጾመ፣ ማን አማተበ እያለ ይመዘግባል። ተመዝግቦ ወደ አገር የተመለሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ያ ወተት ጭንቅ ነው። አንጠጣው፣ ጾም ነው። ለሌላ አንሰጥ፣ "አንተስ ለምን ተውከው?" ይመጣል። መድፋት ደግሞ የማይታሰብ ነው። አራታችንም ከብት ካለበት ቤት የወጣን ነን፤ ወተት መሬት ላይ የሚያፈስ ሰው በእኛ ዘንድ ላሚቱን የረገመ ያህል ነው።

አጠገባችን በርሜል አለ። ለተገጣጣሚው ፊት የሚሆነው ሲሚንቶ የሚቦካበት ውሃ የሚቀመጥበት ነው። አንደኛችን ግራ ቀኙን አየና የራሱን ወተት ገለበጠበት።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልነው።

"እኔ ካልጠጣሁ ግድግዳው ይጠጣ! እሱ አይጾምም።"

ሳቃችንን በጓንታችን አፍነን ሦስታችንም ገለበጥን።

በማግስቱ ተገጣጣሚው ከእንፋሎቱ ክፍል ወጣ። ፊቱ እንደ መስተዋት ለስላሳ መሆን ነበረበት። በውሃ ሲታጠብ ግን ቆዳው እንደ አጥሚት ተንሸራቶ ወረደ፤ ከሥሩ ነጫጭ የእብነ በረድ ጠጠር ብቅ አለ። ኡስታ ሲሚንቶውን ዘገነ፣ በጣቶቹ አሸው፣ አልገባውም። በሚቀጥለው ረቡዕ ደገመ። ዓርብም እንደዚያው። የወሩ ሥራ መሙላት ስላለበት ሻካራውም ለስላሳውም ተጭኖ ሄደ፤ የጉድለት ወረቀት ግን ተጻፈበት።

እኔ በሦስተኛው ሳምንት ገብቶኛል። ሌሎቹም ገብቷቸዋል፤ ማንም አልተናገረውም። ከዚያም በኋላ ለሳምንታት መገልበጣችንን አልተውንም። ሌላ ቦታ አጣን ብል ይቀለኝ ነበር፤ የፈራነውን ያህል አላሰብንም ብል ይሻላል።

አንድ ዓርብ ኡስታ ወደ በርሜሉ መጣ። ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ። ከዚያ አራታችንን በየተራ አየን። እኔ በግንበኛ ማንኪያዬ የሞላሁትን ጥግ ደግሜ ማሸት ያዝኩ። እሱ ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ ሄደ። በቃ። እሱም በዓመት አንድ ወር ምሳ አይበላም ነበር፤ ለጠየቀው ሰው ሁሉ "ሆዴን ያመኛል" ነው የሚለው።

መርማሪዎች መጡ። ሲሚንቶ ጎድሏል፣ ተሽጧል ተባለ። ኡስታ "አላውቅም" ብቻ አለ። ከአለቃነቱ ተነሥቶ ግቢ ጠራጊ ሆነ። ጠዋት ስንገባ መጥረጊያውን ደገፍ ብሎ እንደ ድሮው ሰላም ይለናል። እኛም ሰላም ብለነው እንገባለን። ሥልጠናው አልቆ ስንለያይም የነገርኩት ነገር የለም። እኔ በኋላ በብዙ ዙር ወደዚህ አገር መጣሁ፤ ኦስትሃፈን ወደቡ አጠገብ ዕቃ ቤት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ሦስቱ ጓደኞቼ ሞተዋል።

ሰኞ ዕለት ደረጃውን ወጣሁ። በዚህ ጉልበቴ ሦስተኛ ፎቅ ቀላል አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ አርፌያለሁ። ልጅቱ በሩን ስትከፍት ገና ሳልቀመጥ፣ "ያ ሰውዬ አልሰረቀም" አልኳት። የቀረውን ተቀምጬ ነገርኳት።

"ወተት?"

"ወተት።"

ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ። ኮምፒውተሯን ከፈተችና፣ "አባባ፣ ላቦሩ፣ ቤተ ሙከራው፣ ሻካራዎቹ ላይ ፕሮቲን ነገር አግኝቶ ነበር። የወፍ ኩስ ይሆናል ብለን ተውነው" አለች።

"ታዲያ አሁን ጻፊዋ።"

"በቃል ብቻ አይቀበሉኝም። ፕሮበ፣ ሙከራ ማለቴ ነው፣ መሥራት አለብን። ዓርብ ይመችዎታል?"

"ዓርብ ነበር ያኔም።"

ዓርብ በኡባን፣ በከተማው ባቡር፣ ሪድበርግ ወሰደችኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ያለበት አዲሱ ሰፈር ነው። የላቦሩ ኃላፊ ሸምገል ያለ ጀርመናዊ ነው፤ የመከላከያ መነጽር አጠለቀልኝና ወተቱን ከፍሪጅ አውጥቶ ልጅቱን አንድ ነገር ጠየቃት።

"ስቡ ስንት ፐርሰንት ነበር ይላል" ብላ ተረጎመችልኝ።

"ያኔ ወተት ወተት ነበር በይው።"

ሁለት ሣጥን ሞላን። ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የእብነ በረዱ ጠጠር አንድ ዓይነት ነው፤ ለአንደኛው ንጹሕ ውሃ፣ ለሁለተኛው ወተት ያለበት ውሃ። ኃላፊው ሊያቦካ ሲጀምር አላስቻለኝም። ማንኪያውን ተቀበልኩትና ጥጉን እያሸሁ ሞላሁት፤ እጄ አልረሳውም። በፋብሪካው እንደነበረው በእንፋሎት እንዲያድር ተደረገ። ሰዓቱ ከዘጠኝ ጥቂት እንዳለፈ ኃላፊው ቡና ጋበዘንና ለእኔ የተረፈውን ወተት ጨመረበት። ልጅቱ ኩባያውን ከፊቴ ቀስ ብላ ሳበችና ጥቁሩን አስጠጋችልኝ። ለእሱ ምን እንዳለችው እንጃ፣ ብዙ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለእኛ ብሎ ላቦሩን ከፈተ። ሣጥኖቹን ፈታናቸው። የውሃው ለስላሳ ሆኖ ወጣ። የወተቱን ኃላፊው ራሱ ከቧንቧው ሥር አድርጎ በብሩሽ ነካ አደረገው፤ ቆዳው ተንሸራተተ፣ ነጩ ጠጠር ወጣ። "ና ዞ ቫስ!" ብሎ ተገረመና ብሩሹን አስቀምጦ ጨበጠኝ። በወተቱ ውስጥ ያለው ስኳር ነው ሲሚንቶውን እንዳይጠነክር የያዘው ብሎ አስረዳን። እኔ የማየው ግን ኡስታ ሲሚንቶውን ሲዘግን ነበር።

ማታውን ሳንጠብቅ፣ እዚያው ላቦር ውስጥ፣ ልጅቱ የእኔን ቃል መጻፍ ጀመረች። ስሜን አልፈራሁም፤ ጻፊው አልኳት። ከዚያ እጇ ቆመ።

"አባባ፣ ሰውየው ያውቅ ነበር?"

ጣቱን ነክሮ ማሽተቱን አልነገርኳትም ነበር። ነገርኳት።

"ይህን ከጻፍኩት አውቆ ደብቋል ሊሉ ይችላሉ" አለች። "ካልጻፍኩት ደግሞ ምንም አልጠፋም። አልሰረቀም የሚለው በቂ ነው።"

እስከ ሰኞ ታገሺኝ አልኳት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም ያሰብኩት እሱኑ ነው። ካልተጻፈ፣ ኡስታ በገዛ በርሜሉ ውስጥ ያለውን የማያውቅ ሠራተኛ ሆኖ ሊቀር ነው። ሰውየው ሲሚንቶን በጣቱ አሽቶ ስንት ቀን እንዳደረ የሚናገር ነበር። ሌባ መባሉን ዝም ብሎ ተቀብሏል፤ ሥራውን አያውቅም መባልን የሚቀበል ግን አይመስለኝም። ሰኞ ወጥቼ፣ "ያውቅ ነበር ብለሽ ጻፊ" አልኳት። "እኛን ላለማጋለጥ ዝም አለ በይ።"

"'እንደ ምስክሩ አባባል' ብዬ ነው የምጽፈው።"

"እንደፈለግሽ። ብቻ ይግባ።"

ሪፖርቱ ሄደ፤ ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ልጅቱ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ወርዳ አገኘችኝ፤ ቅርጫቴን ከእጄ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። ሻካራዎቹ አይነሡም። በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጸዳሉ፤ ሕንፃው ፊት በሚቆመው ጽሑፍ ላይም የአሠራራቸው ታሪክ ይገባል።

"ስለ ሰውየውስ?"

ወረቀቱን ገልጣ አነበበች። "'ማስረጃው የስርቆቱን ክስ አይደግፍም' ይላል።"

"ይኼ ምን ዓይነት አነጋገር ነው? አልሰረቀም አይልም?"

"በእነሱ ቋንቋ አልሰረቀም ማለት ነው፣ አባባ።"

"የሰውየው ልጆች ቢያነቡት ይገባቸዋል?"

አሰብ አደረገችና፣ ጽሑፉ ገና አልታተመምና እንዲስተካከል እጠይቃለሁ አለች። በሳምንቱ አስተካክለው ላኩላት፤ አጭር አረፍተ ነገር ነው፣ ስሙ ከፊት ያለበት። መጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ፣ ከዚያ በጀርመንኛ፣ ከዚያ በአማርኛ አነበበችልኝ። አልሰረቀም ይላል።

ስሙን ደግማ እንድትለው ጠየቅኳት። ሁለት ጊዜ አለችው። በሦስተኛው እኔ አልኩት።