ከባሌስትራው ሥር ያስገባሁት እንጨት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሄኖክ በቅርቡ የገዛውን አሮጌ ላንድክሩዘር ይዞ መጣና ግቢዬ ውስጥ አቆመው። ስልኩን አውጥቶ አንድ ሰው የራሱን መኪና በትንሽ ወጪ ከፍ ሲያደርግ የሚያሳይ ፊልም አሳየኝ። «ጋሼ፣ ጋምቤላ እያለህ እንዲህ ያለ ነገር ትሠራ ነበር ይባላል። ታግዘኛለህ?» አለኝ። ላስብበት ብዬው ወደ ቤት ገባሁ። ምሳም በቅጡ አልበላሁም።

ጋምቤላ በሾፌርነት የተቀጠርኩት ክልሉ በተመሠረተ ሰሞን ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጎሬ ቁልቁል ስንወርድ በመኪናው መስኮት የገባው ሙቀት እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ። መሥሪያ ቤታችን ጤና ቢሮ የሚል ስም እንጂ በቂ ወንበር አልነበረውም፤ ጸሐፊዋ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ትተይብ ነበር። በሽተኛ የምናመላልስበትም አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ብቻ ነበረን። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ከዕድሜ ብዛት ተኝቷል። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር አፈር ጎማ ላይ እየተጠቀለለ፣ ከከተማ ወጣ እንዳልን የመኪናው ሆድ ጭቃ ላይ ያርፍና እዚያው እንቀራለን።

ከፍ ላደርገው ቆርጬ ጋሽ ተፈራን አማከርኩ። ጋሽ ተፈራ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሚያርሱ፣ ትራክተር መጠገንም የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«ለፊተኛው ከወደቀ የጭነት መኪና ባሌስትራ ፈትተህ አንዳንድ ብረት ጨምርበት» አሉኝ። «ለኋላው ግን ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስልና በባሌስትራው መሃል ድጋፍ ታስገባለህ። ድጋፉን ከብረት አስቆርጠው። እንጨት እንዳታስገባ፣ ይሰነጠቃል።»

እንደዚያ ያለ ወፍራም ብረት የሚቆርጥልኝ ከተማው ውስጥ አጣሁ። መቱ ልኮ ማሠራት ሳምንታት ይፈጃል፤ ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። ፊተኛውን እንዳሉኝ ሠራሁ፤ ለኋላው ግን ለጊዜው ነው ብዬ ከጠንካራ እንጨት ሁለት ድጋፍ ጠረብኩና በረጃጅም ብሎን አሰርኳቸው። መኪናው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል የተነሣ መሰለ። ባሮ ዳር ላጥበው ሳወርደው ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ ጎንበስ እያሉ ሥሩን አዩ። ሰዉ «ቀጭኔ» ብሎ ጠራው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

አንድ ማለዳ ኦሞድ እየሮጠ መጣ። ኦሞድ የአኙዋ ተወላጅ ነርስ ነው፤ በዕድሜም እኩያዬ። ከአቦቦ ወዲያ ፑኝዶ መንገድ ላይ ካለች ጤና ኬላ በሬዲዮ መልእክት ደርሶታል። አንዲት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ቤተሰቧ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ አቦቦ ጤና ጣቢያ ሊነሣ ነው።

«ይጠብቁ በላቸው፤ እኛ እንደርሳለን» አልኩት።

ኦሞድ መኪናውን አየት አደረገና «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ተመልሶ ሬዲዮው ላይ ነገራቸው።

እስከ አቦቦ ያለ ችግር ሄድን። ከአቦቦ ወዲያ ጭቃ የያዘው የጭነት መኪና አጋጠመን፤ ሾፌሮቹ ሥሩ ተጠልለው እሸት በቆሎ ይጠብሳሉ። ጥሩምባ ነፍቼላቸው በጎናቸው አለፍኩ። ከዚያ ወደ አንድ ጅረት ስወርድ ከኋላ የሆነ ነገር ጧ አለ፤ መኪናውም ወደ ግራ ተንጋደደ። ወርጄ ሳይ የግራው እንጨት ለሁለት ተሰንጥቆ ወጥቷል። አክስሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጎማው ከቦዲው ጋር ተጣብቋል።

መኪናውን ላነሣ ክሪክ ሳስገባ ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ጣውላ አነጠፍኩለት፤ ጣውላውም ሰመጠ። ትርፉን ጎማ ከሥሩ አደረግኩ፤ እሱም ተከትሎ ገባ። ኦሞድ አብሮኝ ሲታገል ቆየና ቦርሳውን አንሥቶ ጫማውን አወለቀ።

«በእግር ሁለት ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። ሰዎቹ እየጠበቁን ነው» አለኝና ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። መጥቶ የሚስበኝ መኪና እንደሌለ አውቃለሁ፤ እዚህ ድረስ ሊዘልቅ የሚችለው የኔው ብቻ ነበር። ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ስላልቻልኩ እጄ እስኪላጥ ጭቃ ስዝቅ ዋልኩ። በዝናቡ፣ የዛቅኩትን ያህል ተመልሶ ይሞላል።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ስምንት ወንዶች ቃሬዛውን ተሸክመዋል፤ ከፊት የሚሄደው ባሏ ኡጁሉ ነው፤ ኦሞድ ከጎኗ ይራመዳል። ሴትዮዋ ከራስ እስከ እግሯ ጨርቅ ለብሳለች፤ አታቃስትም። መኪናው ጋ ሲደርሱ አልቆሙም፤ ዞረውት አለፉ። እኔም ተከትያቸው የአንዱን ተራ ተቀበልኩ። አቦቦ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

እሷ ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ኦሞድ እጁን እየታጠበ ወጣና «ጠዋት ቢነሡ ኖሮ...» ብሎ ዐይኔን ሲያይ ተወው።

መኪናውን ከሳምንት በኋላ በበሬ አወጣነው። ስለ እንጨቱ ለአለቆቼ ተናግሬ ተቀጣሁ።

በጋ ላይ ኡጁሉ ጋምቤላ መጣ። መሥሪያ ቤት ድረስ ፈልጎኝ በሣር የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ሰጠኝ። «በክረምት ሌላ መኪና ወደ እኛ አይመጣም። አንተ መጣህ። አመሰግናለሁ» አለኝ። ጠብቁ ያልኳችሁ እኔ ነኝ ልለው አስቤ ተውኩት። ዓሣውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ለሄኖክ ድጋፉን ከብረት እንዲያስቆርጥ እነግረዋለሁ። አሁን እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ኡጁሉም በሕይወት ካለ እንደኔ ሸምግሏል። ፈልጌ ላገኘው አስቤ አውቃለሁ። ያን ቀን ጠዋት ቢነሡ ልጁ ይተርፍ እንደነበር እኔም ኦሞድም አናውቅም። ብነግረው ለኔ እንደሚቀለኝ ግን አውቃለሁ። እሱ ግን ያን ልጅ በእግዜር እጅ የሞተ አድርጎ ቀብሮታል። ለኔ እንዲቀለኝ ብዬ እንደገና ላስቀብረው ነው? ይህን ሳስብ እግሬ ይያዛል፤ ሌላ ዓመትም ያልፋል።