ጠፋ የተባለው የመሬት ደብተር

ታላቅ እህቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል እጇን ያዝኩት።

ዛሬ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው የእህቴ ቀበሌ ዋርካ ስር ነበርን። እሷና ባሏ ሊፋቱ ነው። "ፍርድ ቤት ምን ያደርግልናል፣ በሽማግሌ እንጨርስ" ያለው እሱ ነው። በረባ ባልረባው ሰው ሲከስ የኖረ ሰውዬ ድንገት ሽምግልና ወደደ!

ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ ስምምነቱን ባሏ አስጽፎ አመጣ። ላሞቹ ለእሷ፣ መሬቱ ለእሱ።

"የሁለቱም ፎቶ ያለበት የመሬት ደብተርስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ "ጠፍቷል ነው የሚለን፣ ልጄ" አሉኝ።

እህቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የደብተሩ ቁጥር አንድም ሳይጎድል ሰፍሮበታል።

"አባቴ፣" አለች ወደ ሰብሳቢው ዞራ፣ "ደብተሩ ከጠፋ ቁጥሩ ከምን ላይ ተቀዳ?"

ባሏ አንገቱን ደፋ። ሰብሳቢውም ቀና ብለው እሱን አዩት። ደብተሩ እንዳልጠፋ ያወቁት ገና አሁን ይሁን አይሁን እንጃ።

እኔ ሽምግልና አልጠላም። የሚያስፈራኝ ጥድፊያው ነው።

አሁን ባጃጅ ውስጥ ሆነን መዝገቡን ልናይ ወደ ወረዳው መሬት ቢሮ እየሄድን ነው። እህቴ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ትፈትጋለች፣ ቀለሙ አልለቅ ብሏታል።

እናንተ ቤት ሽምግልናው ሲጣደፍ ምን ጠፍቶ ነበር?