ሁለተኛዋ ቪቴ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወዳለው የእንጨት ሥራ ቤቴ የዋንዛ ሣጥን በባጃጅ አስጭና መጣች። በጸጥታው ችግር ጊዜ ከኪራሙ ስትወጣ ከቤቷ የተረፈላት እሱ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። የክዳኑ ማጠፊያ ዝጎ አልከፈት ብሏል። አብሮኝ የሚሠራው ልጄ ግራይንደር ሊያነሳ ሲል "ተው፣ እንጨቱን ትጎዳዋለህ" አልኩትና አንድ ቀጭን ብረት ከሰል ላይ አግዬ ማጠፊያውን በያዘችው ጥምዝ ሚስማር፣ በቪቴዋ አናት ላይ አሳረፍኩት። ከዝገቱ ሥር የተኛው አሮጌ ቅባት ጨሰ።

"ይህን ከማን ተማሩት ጋሼ?" አለችኝ ሴትየዋ።

ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ብረቱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ልጄ ያመመኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለትምህርት ቤት ዴስክ ልሠራ ኡኬ የምትባል የቆላ ከተማ ሄጄ ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ከነቀምቴ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የጭነት መኪናው ላይ የነበርነው ሁሉ ሹራባችንን እንዳወለቅን ትዝ ይለኛል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ኦቦ ጉደታ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ አስጠሩኝ። ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር ጠመንጃ ነበራቸው። የእንጨት ሰደፉ በጭስ፣ በቅቤና በሰው ላብ ጠቁሯል። ተፍቆ በተልባ ዘይት እንዲታሽላቸው ፈለጉ። ጠመንጃው ግን ከግቢያቸው አይወጣም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ማንጎ ዛፋቸው ሥር መሥራት ጀመርኩ።

ሰደፍ ሲታደስ ብረቱ አስቀድሞ መውጣት አለበት። ብረቱን ሳያወጣ ዙሪያውን የሚፍቅ አናጺ ፊቱን ታጥቦ አንገቱን እንደተወ ሰው ነው። የማንገቻውን ቀለበት በመጀመሪያው ቀን ፈታሁ። ትከሻ ላይ በሚያርፈው ጫፍ ያለው የብረት ሰሌዳ ግን በሁለት ቪቴዎች የተያዘ ነው። አንዷ ላምባ ጠጥታ አድራ ወጣች። ሁለተኛዋ እምቢ አለች። ካቻቪቴዬን በሞረድ አስተካክዬ ሞከርኩ፣ በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታ መታ አደረግኋት፤ ንቅንቅ የለም።

መድኃኒቷን አላጣሁትም። ብረት ያግላሉ፣ አናቷ ላይ ያሳርፋሉ፣ እስክትቀዘቅዝ ይታገሣሉ፤ ከዚያ ዝገቱ ይለቃታል። ያስተማረኝ የእናቴ አባት ነው። አያቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ እየሠራ በዚያ አገር ገበያዎች ሁሉ የዞረ ሰው። ሰዉ ማረሻውን ይገዛዋል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። በቤተ ክርስቲያናችን ሁላችንም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አንድ መዝሙር እንዘምራለን፤ የጋብቻ ነገር ሲነሳ ግን የአያት ስም ይጠየቃል። እኔ ደግሞ አናጺ ነኝ እላለሁ እንጂ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ነኝ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሳት ባነሳ ኦቦ ጉደታ ከማን ተማርከው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ልጃቸው ሌሊሴ ባትኖር ኖሮ ይህን ያህል አልፈራም ነበር። ነቀምቴ ትምህርቷን ጨርሳ መመለሷ ነው። ለመስቀል የተቆፈረውን አንጮቴ፣ የአገሩን ሥራ ሥር፣ ቀቅላ ገና እንፋሎቱ ሳይወጣለት ይዛ ትመጣና አጠገቤ ተቀምጣ ትልጣለች። ጣቷን ሲያቃጥላት እፍ እያለች በቅቤ የለወሰችውን ለኔ ታቀብለኛለች።

"ኦጌሳ፣ ዛሬም አልወጣችም?" ትለኛለች። ባለሙያው ማለቷ ነው።

"አልወጣችም።"

"ማሎ፣ እባክህ እንዳትቸኩልባት።"

አልቸኮልኩም። ስምንት ቀን ሙሉ ያችን ቪቴ ላምባ አጠጣኋት። ሥራ አልሆን ብሎኝ እንደዚያ ደስ ያለኝ ዘመን የለም።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊሴ አልሳቀችም።

"ከኪራሙ ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ መጥተው ነበር" አለችኝ፣ የምትልጠውን አንጮቴ እያየች። "አባባ ለመስቀል ማግስት ኑ ብሏቸዋል።" አንጮቴውን አስቀምጣ፣ "ነቀምቴ ሽማግሌ የለም?" አለች።

"አለ" አልኳት። ካቻቪቴዬንም አነሳሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኦቦ ጉደታ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ኢልመ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ እንደማለት፤ "የያዘችህ ቪቴዋ ናት ወይስ ሌላ ነገር አለህ? ሌላ ከሆነ ይኸው ተቀምጫለሁ፤ ንገረኝ።"

ሌሊሴ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

"ቪቴዋ ናት" አልኳቸው።

ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ በርጩማቸውን አንስተው ገቡ።

በመስቀል ማግስት የኪራሙ ሽማግሌዎች እሺታ አግኝተው ሄዱ። እኔ በማግስቱ ጠዋት እሳት አነደድኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ብረቱን አጋልኩ፣ አሳረፍኩ፣ ታገሥኩ። እሸት በቆሎ ተጠብሶ እስኪደርስ እንኳ አልፈጀም፤ ቪቴዋ በጣት የምትዞር ሆነች። ሰሌዳውን ሳነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት ትናንት የተጠረበ ይመስል ነበር።

ኦቦ ጉደታ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተዋል።

"አያትህም ብረት የሚይዘው እንዲሁ ነበር" አሉ።

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

"ይቺን ቪቴ ያጠበቃት እሱ ነው። አባቴ ጠመንጃውን ሲወስድለት አብሬው ነበርኩ። የልጅ ልጁ ኡኬ መጥቷል ሲሉኝ ነው ያስጠራሁህ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ኦቦ?"

"አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት።"

ሌሊሴን ይሰጡኝ እንደነበር አላውቅም፤ ምክንያቱም አልጠየቅኳቸውም። ይከለክሉኝ ነበር ብዬ ልጽናና ስል ያ በርጩማ ትዝ ይለኛል። ሰደፉን ሦስት ቀን በተልባ ዘይት አሽቼ አስረከብኩ። ወንድሟ ወደ ኪራሙ ሲሸኛት ያንን ምንሽር አንግቶ ነበር አሉ። እኔ ነቀምቴ ተመልሼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደህና ሚስት አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፤ አላማርርም። ግን ክረምት ወጥቶ አንጮቴ ገበያ ሲገባ ሌሊሴ ትናፍቀኛለች። በዚህ ዕድሜ ማውራቱ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ትናፍቀኛለች። የኪራሙ መንገድ አስጊ ከሆነ ጀምሮ ደግሞ ናፍቆቱ ላይ ስጋት ተጨመረበት። ከዚያ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ባለሣጥኗንም ጠየቅኋት። "ሌሊሴ ጉደታ የምትባል ታውቂያለሽ? በዕድሜ ከኔ ትንሽ የምታንስ።"

"ኪራሙ ሰፊ ነው ጋሼ። ሰዉም ተበትኗል።"

ውኃዬን ጨርሼ ተነሳሁና ብረቱን ደግሜ አጋልኩ። ቪቴዋ ወጣች፤ ሣጥኑ ተከፈተ። ሴትየዋ ከውስጡ የእናቷን ጥበብ ቀሚስ አውጥታ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

"ቅድም ለጠየቅሽኝ" አልኳት፣ "ከአያቴ ነው የተማርኩት። ቀጥቃጭ ነበር።"

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። እሱም ገና መስማቱ ነው።

"ነፍሳቸውን ይማር፤ ጥሩ ሙያ ነው ያስያዙዎት" አለች ሴትየዋ፣ ቀሚሱን መልሳ እያጠፈች።

ያንን ሁሉ ዓመት የያዝኩት ቃል አንድ እስትንፋስ እንኳ አልፈጀብኝም።