ጋሽ ደረቁና የሚያፏጨው ማስክ

ሰሞኑን ጋሽ ደረቁን ያየ ሰው ሁሉ አፉን የሚፈታው በአንድ ነገር ነው፤ «ምነው እንዲህ ደከምክ?» ዓይኑ ሥር ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ ግራና ቀኝ ጉንጩ ላይ የማሰሪያ ሰንበር ተጋድሟል፣ ከአፍንጫው አናት ላይ ደግሞ አልድን ያለች ቁስል አለች። የማያውቁት ሚስቱ የደበደበችው ይመስላቸዋል። እሱም ማስረዳቱ ስለሰለቸው «አዎ፣ ደበደበችኝ» ብሎ ያልፋል።

ደረቁ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ጠግኖት የሄደ ቧንቧ ዳግመኛ ጠብ አይልም ብለው የሰፈር ሰዎች ያወጡለት ነው። ሚስቱ ግን በዚህ አትስማማም። «ቧንቧውን አይደለም፣ እሱን ራሱን ነው! ሺህ ጊዜ ቢነግሩት የማይሰማ ደረቅ!» ትላለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በማንኮራፋት ነው። ማንኮራፋት ብቻ ቢሆንማ ማን ይሞታል፤ ሚስቱ ለምዳዋለች። የሱ ጉድ ዝምታው ነው። ሲያንኮራፋ ሲያንኮራፋ ይቆይና ድንገት ጭጭ ይላል። ትንፋሽ የለ፣ ምን የለ። ያኔ ሚስቱ እጇን ጎኑ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ጎኑ ካልተነሳ በክርኗ ትጎሽመዋለች። «ተንፍስ እንጂ አንተ ሰውዬ!» እሱ እንደ ሰመጠ ሰው ተንፈራግጦ አየር ይስብና ወደ ማንኮራፋቱ ይመለሳል። እሷ ግን ወደ እንቅልፏ አትመለስም። ሲነጋ እሱ ምንም አያስታውስም፤ እንዲያውም «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ብሎ ይጠይቃታል። እንግዲህ ፍረዱ!

እሱም ቢሆን ተኛ እንጂ አላረፈም። አንድ ቀን ሰው ቤት ኩሽና ውስጥ፣ ራሱን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር እንዳስገባ እንቅልፍ ጣለው። የቤቱ እመቤት እግሩን ብቻ አይታ ሞተ ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። ሰው ሲጮህ ባነነና ግንባሩን ከቧንቧው ጋር አላተመ። ሰፈሩ ያን ሰሞን ሳቀ፤ ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሲመረመርም በእንቅልፉ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ የሚቆም መሆኑ ተነገረውና ማሽን ታዘዘለት።

ማሽኗ አልጋ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን ናት። አየር ትነፋለች፤ አየሩ በቱቦ መጥቶ፣ አፍንጫ ላይ በሚታሰር ማስክ ገብቶ፣ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዛል። ማሽኗን የሰጠችው ወጣት ባለሙያ አስቀምጣ በትዕግሥት አስረዳችው።

«አባቴ፣ ማሰሪያውን አያጥብቁት። ይሄ ለስላሳ ጎማ አየር ሲገባበት ራሱ ፊትዎ ላይ ይቀመጣል። ደግሞ ሲያስሩት ተቀምጠው ሳይሆን፣ እንደሚተኙት ሆነው፣ ማሽኑ እየነፋ ይሁን። ወደ ጎን ነው የሚተኙት?»

«ወደ ጎን ነው።»

«እንግዲያው ትራስዎ ማስኩን እንዳይገፋው ይጠንቀቁ።»

ደረቁ ራሱን ነቀነቀ። ደረቁ ራሱን ነቀነቀ ማለት ግን ሰማ ማለት አይደለም።

በጀርባው ሲተኛ ማስኩ ሰላም ነው። ግን እሱ በጀርባው ተኝቶ አያውቅም። «እንደተገነዘ ሬሳ ጣሪያ እያየሁ ልደር?» ይላል። ወደ ጎኑ ዞር ሲል ደግሞ ትራሱ ማስኩን ይገፋዋል፣ ጎማው ከጉንጩ ይላቀቃል፣ አየሩም በዚያች ቀዳዳ እያፏጨ ይወጣል። አንዴ ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል፤ ዓይኑ እንደ በርበሬ ይቀላል። አንዴ የሚስቱ አንገት ላይ ይነፋል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደሷ አድርጎ መተኛት ጀመረ። ለሷ ብሎ ነው። ፉጨቱን ግን ጀርባ አይከልለውም።

ታዲያ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለ? ዕድሜ ልኩን የሚያፈስ ነገር ባየ ቁጥር እጁ ወደ መፍቻው ነው የሚሄደው። አጠበቀው። አሁንም አፏጨ። ጨምሮ አጠበቀው። ባሰበት። ጥርሱን ነክሶ የመጨረሻውን ሳበው፤ አፍንጫው ቆሰለ። በመጨረሻማ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የቧንቧ ጥርስ የሚጠቀልልበትን ነጭ ቴፍሎን ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቶ ማስኩን ዙሪያውን ጠቀለለው። ለክትትል ሲሄድ ባለሙያዋ ማስኩን አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቴፍሎን።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። «አባቴ፣ ይሄ እኮ ቧንቧ አይደለም፤ ፊትዎ ነው። ላላ ያድርጉት ብዬዎት ነበር።»

«እሺ» አለ። ቤቱ ሲገባ ቴፍሎኑን ፈታና ማሰሪያውን እንደገና አጠበቀው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ?

መከራው የመጣው በሚስቱ እጅ ነው። መጋረጃ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ቦታዋ ወፍራም መጋረጃ እየዘመዘመች ሳለ፣ አሸለባት። እግሯ የስፌት ማሽኑ መርገጫ ላይ ነበረ፤ እጇ ደግሞ መርፌው ሥር። መርፌው ጠቋሚ ጣቷን ከነጥፍሯ በስቶ ወጣ።

የሥራ ባልደረባዋ ስትደውል ደረቁ የሰው ጣሪያ ላይ፣ የውሃ ታንከር ሥር ተንበርክኮ ነበር። መፍቻውን እንኳ ሳያስቀምጥ ሮጠ። ደርሶ ያያት ጊዜ ጣቷ ተጠቅልሎ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ስታየው ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«መፍቻ ይዘህ ማንን ልትመታ ነው?»

«ምን ሆነሽ ነው እናትዬ?»

«አሸለበኝ» አለች። «በቃ፣ አሸለበኝ።»

ክው አለ። ሐኪም ያልቻለው፣ ባለሙያዋ ያልቻለችው ነገር በዚያች ቃል ገባው። ለካ እሱ ሲታመም የኖረው በሷ ዓይን፣ በሷ እንቅልፍ ነው።

ወደ ቤት ሲሄዱ እሷ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። ልጃቸው ትርፍ ክፍል አለኝ፣ ነይና እኔ ጋ ተኚ ብላታለች። እሑድ ከሰዓት መጥታ ትወስዳታለች።

«ተጣልተን አይደለም እኮ» አለች። «ክፉም አልሠራህብኝ። መተኛት ነው የፈለግሁት። መተኛት ብቻ።»

«ለስንት ጊዜ ነው?»

«ለጊዜው ነዋ።»

ለጊዜው! ይህችን ቃል ደረቁ ያውቃታል። ቧንቧ ሠራተኛ የሰው መኝታ ቤት አልፎ የሰው መታጠቢያ ቤት የሚገባ ሰው ነው፤ ያላየው የለም። ባልየው ሳሎን ሶፋ ላይ የሚያድርበትን ቤት አይቷል፤ ትራሱ ከሶፋው ጀርባ ተደብቆ። የሚስት የጥርስ ብሩሽ የሌለበትን ብርጭቆ አይቷል። «ለጊዜው ነው፣ እሷ እህቷ ጋ ናት» ይሉታል ሳይጠይቃቸው። በዓመቱ ሌላ ነገር ለመጠገን ሲመለስ ብርጭቆው ውስጥ ያለችው ያችው አንዲት ብሩሽ ናት። ፈራ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ቢሆንም ቅሪ ብሎ ለመለመን አፉ አልታዘዘውም፤ በምን ዓይኑ? ጣቷ እንደተጠቀለለ ነው።

እሑድ ምሳ እንደበሉ፣ እሷ በአንድ እጇ ልብሷን እያጣጠፈች ቦርሳ ውስጥ ስትከት፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ?»

«አሁን ደግሞ ምን?»

«ማስኩን ሳደርግ እዪኝ። ከየት እንደሚያፈስ እኔ አይታየኝም።»

ተነፈሰች። «በቀን?»

«በቀን።»

አልጋው ላይ በጎኑ ተጋደመ፤ ማሽኗን ከፈተ፤ ማስኩን አድርጎ እንደ ልማዱ ጥብቅ አድርጎ ሳበው። ወዲያው ማፏጨት ጀመረ። እሷ ጎንበስ ብላ አየችው። የጉንጩ ሥጋ ከማሰሪያው ግራና ቀኝ አብጦ ወጥቷል።

«ውይ! ራስህን ልታንቅ ነው እንዴ? እስቲ ልቀቀው!» አለች። «ጨርቅ እንኳ ከመጠን በላይ ስትስበው ይሸበሸባል። ጎማው ተሸብሽቦ በሽብሽቡ ነው የሚያፈስልህ። የሐኪም ቤቷ ልጅ አታጥብቀው አላለችህም?»

«ብላኛለች።»

«ስንቴ?»

እጁን ከማሰሪያው ላይ አነሳ። ከዚያ፣ ትዳር ከያዙ ጀምሮ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። አንጀቷን በላት።

በደህና እጇ ማሰሪያውን አላላችው፤ አሁንም አላላችው። ማስኩን ከፊቱ ትንሽ አንስታ መልሳ ስትለቀው ጎማው በአየር ተነፍቶ ቦታውን ያዘ። ፉጨቱ ግማሽ ሆነ። የቀረው ትራሱ ነው፤ ማስኩን ከታች ይገፋዋል። ከቁም ሣጥኑ አሮጌ የስፖንጅ ትራስ አወጣች። እሱ ስፖንጁን ያዘላት፣ እሷ በመቀስ ቆረጠች፤ ማስኩ በሚያርፍበት በኩል እንደ ግማሽ ሳህን ጎረደችው።

«አንተ ደግሞ አጥብቀህ አትያዘው፣ ይጣመማል!»

«እሺ።»

«እሺ ብሎ ነገር!»

ደረቁም ተነስቶ ጎማውን በሳሙና አጠበው፤ ባለሙያዋ የፊት ወዝ ያንሸራትተዋል ማለቷ አሁን ትዝ አለው። ቱቦውንም ሲገላበጥ እንዳይጎትተው ከአልጋው ራስጌ በላይ አንጠለጠለው። ይህን እንኳ ያውቅበታል። ከዚያ ተመልሶ ተጋደመ። ጉንጩ ትራሱ ላይ፣ ማስኩ በተጎረደው ቦታ አረፈ።

ምንም። ከሳጥኗ ለስላሳ እፍ እፍታ በቀር ቤቱ ጸጥ አለ።

«ቆይ፣ ይጀምረዋል» አለች ሚስቱ። አላመነችም። ከሌላው በኩል ጋደም አለች። «ለመስማት ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። አሁን ፊት ለፊት ናቸው፤ የሚነፋባት አየር ስለሌለ ወደ ግድግዳ አልዞረም። «እስካሁን ደህና ነው . . . ልጃችን አሁን ትመጣለች . . . ያቺን ሰማያዊ ሹራቤን ከትቻታለሁ ወይስ . . .»

አልጨረሰችውም። የሹራቧን ነገር በአፏ እንደያዘች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ደረቁ ዓይኑን አፍጥጦ አያት። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚተኛው እሱ፣ ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች፤ ሚስቱን ተኝታ አይቷት አያውቅም ነበር። ፊቷ እንዴት ነው የደከመው! በዓይኗ ዙሪያ ያለው ጥቁረት፣ በግንባሯ ላይ የተሰመረው መስመር፣ ሁሉም የሱ ሥራ መሰለው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አፏ ከፈት አለና ማንኮራፋት ጀመረች። አንቺም! ሊስቅ ነበር፤ ግን አፉን ከከፈተ አየሩ በአፉ እየተንፏፏ ይወጣል፤ ትነቃለች። ከንፈሩን ገጠመ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ደረቁ «ውሃ ቀጠሮ አይሰጥም» የሚል ሰው ነው፤ ከማዕድ ላይ ተነስቶ ሄዷል፣ ከልጁ ሠርግ ላይ ሳይቀር ተነስቶ ሄዷል። አሁን ግን የሰው ቤት ይጥለቅለቅ ብሎ ተወው። ከታች ያለው ክንዱ ደነዘዘ። አላንቀሳቀሰውም። እንባው መጣ። እንባው ወርዶ ጎማው ሥር ሲገባ ማስኩ ቀጭን ፉጨት ጀመረ። በድንጋጤ በአንድ ጣቱ ጫን አድርጎ ያዘው።

በዚህ መሀል ልጃቸው በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ የተቀመጠውን ቦርሳ አነሳችና «እማዬ፣ ጨረስ—» ስትል አባቷ ማስኩን የያዘበትን እጁን አንስቶ አራገበባት። ባለችበት ቆመች።

የልጇን ድምፅ ሰምታ ይሁን ፉጨቱን፣ እናትየው ተላወሰች። ዓይኗ አልተገለጠም። ያ የተጠቀለለው ጣቷ ያለበት እጅ ግን ከትራሷ ሥር ወጣ፤ በዳበሳ አልጋውን አቋርጦ መጣና ደረቁ ጎን ላይ አረፈ። ትንፋሹን ጠበቀ። ደረቁ ገባው። እንድታውቀው ብሎ፣ ሆዱ እስኪነፋ ድረስ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳበላት። መልሶ አወጣው። ደግሞ ሳበላት።

እጇ እዚያው ጎኑ ላይ እንዳለ ከበደ፤ ማንኮራፋቷም ቀጠለ።

ልጃቸውም ቦርሳውን ቀስ ብላ ወደነበረበት መልሳ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ወጣች።