የስሟ አድራሻ

አንድ አዛውንት ሆሳዕና ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የአዜብ ኢንተርኔት ቤት ሲመጡ የጫማቸውን ጭቃ ደጅ ላይ አራግፈው ይገባሉ። ሌላው ሁሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ጥግ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር እስኪለቀቅ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው በአንድ ጣት የድረ ገጽ አድራሻ ይጽፋሉ፤ የአንዲት ሴት ስም ነው። ጋወን የለበሰች ተመራቂ ፎቶ ይወጣል። ጥቂት አይተዋት ይሄዳሉ።

አንድ ቀን አዜብ ያንኑ አድራሻ በራሷ ኮምፒውተር ብትጽፈው የቁማር ማስታወቂያ ወጣባት። ግራ ገብቷት መረመረችው። የድረ ገጹ ስም ዓመታዊ ክፍያ ሳይታደስ ቀርቶ ስሙን ሌሎች ገዝተውታል። ጥግ ያለው ኮምፒውተር ግን አንድ ሰው የድሮውን ገጽ የቁጥር አድራሻ በእጁ ስላስገባበት፣ ስሙ ሲጻፍ አሁንም ወደ ድሮው ገጽ ይወስዳል።

ሰውዬው ሲመጡ ነገረቻቸው። «አባባ፣ የተሳሳተው ይሄኛው ኮምፒውተር ነው። ላስተካክለው?»

ደንግጠው ኮምፒውተሩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ተይው፣ እባክሽ። ልጄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ገጹን እዚሁ ተቀምጣ ነው የሠራችው። ሌላው ላይ ስሟን ስጽፍ ቁማር ነው የሚመጣው።»

አዜብ አልነካችውም። የድሮው ገጽም አንድ ቀን መዘጋቱ እንደማይቀር ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ፊታቸውን አየችና ዋጠችው።